የማያፍር መሪ

ሰው በማያውቀው አገር ሲጓዝ ከስንቁና ከበቅሎው አስቀድሞ የሚያስፈልገው መንገድ መሪ ነው። ስንቅ ቢያልቅበት ከመንደር ይለምናል፤ በቅሎው ብትደክምበት በእግሩ ይሄዳል፤ መንገድ የጠፋበት ሰው ግን ጕልበት በበዛለት መጠን ከመድረሻው እየራቀ ይሄዳል። ስለዚህ አስተዋይ መንገደኛ መሪውን ሲመርጥ በእግሩ ፍጥነት ወይም በአንደበቱ ማማር አይመዝነውም። ሁለት ነገር ይመረምራል። አንደኛ፥ አገሩን ያውቃልን? ሁለተኛ፥ የሚያውቀው አገር የት ላይ እንደሚያልቅ በእውነት ይናገራልን? ታማኝ መሪ ከወንዙ ዳር ሲደርስ «እኔ የማውቀው እስከዚህ ነው፤ ከወንዙ ወዲያ ያለውን የማዶ ሰው ይምራችሁ» ይላል። ይህን ሳይናገር ወንዙን ተሻግሮ በግምት የሚመራ ሰው ግን ዐሥር ጊዜ ቢቀናው በዐሥራ አንደኛው መንገደኛውን ከገደል ያደርሰዋል።

በዘመናችን ይህ የመሪነት ሥራ ለመሣሪያ ተሰጥቷል። በዚህ ጽሑፍ የምተቸው ከፋብሪካ በመኪናው ዳሽቦርድ ላይ ተገጥሞ የሚመጣውን፥ ሰው ሁሉ ናቪጌሽን ወይም ጂፒኤስ እያለ የሚጠራውን መንገድ መሪ ነው። የምተቸውም አዲስ ነገር ሁሉ ክፉ ነው ከሚሉት ሽማግሎች ወገን ሆኜ አይደለም። ነገር ግን መጽሐፍ የሚተች ሰው አስቀድሞ መጽሐፉን ማንበብ እንደሚገባው ሁሉ፥ መሣሪያን የሚነቅፍ ሰውም አስቀድሞ አሠራሩን ማወቅ፥ ደግነቱንም መመስከር ይገባዋል። ስለዚህ ከአሠራሩ እጀምራለሁ። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

ለመኪና መንገድ የሚያሳይ መሣሪያ በሰማይ ካሉት ሳተላይቶች አገልግሎት ይቀድማል። በ1981 የጃፓኑ ሆንዳ ኩባንያ መኪናው ምን ያህል እንደ ተጓዘና ወዴት እንደ ዞረ እየለካ ቦታውን በካርታ ላይ የሚያመለክት መሣሪያ ለሽያጭ አቀረበ። በ1985 ኢታክ የተባለ የአሜሪካ ኩባንያ ካርታውን በካሴት ክር ላይ ቀድቶ የሚሠራ ሌላ መሣሪያ አወጣ። በ1990 ደግሞ ማዝዳ ዩኖስ ኮስሞ በተባለው መኪናው ውስጥ ከሳተላይት ምልክት የሚቀበል መሣሪያ ከፋብሪካ ገጥሞ ሸጠ። ዛሬ በየመኪናው የምናየው ሁሉ የእነዚህ ልጅ ወይም የልጅ ልጅ ነው።

የጂፒኤስ ሳተላይቶች የአሜሪካ መከላከያ ሚኒስቴር ለጦር ሠራዊቱ ሥራ ያዘጋጃቸው ናቸው። የመጀመሪያው በ1978 ወደ ሰማይ ተላከ፤ ሥርዓቱ በሙሉ ኀይሉ መሥራት የጀመረው በ1995 ነው። እስከ 2000 ድረስ ለሕዝብ የሚሰጠው ምልክት ሆን ተብሎ እንዲዛባ ይደረግ ስለ ነበረ እስከ መቶ ሜትር የሚደርስ ስሕተት ነበረው፤ በዚያ ዓመት ፕሬዚዳንት ክሊንተን ማዛባቱ እንዲቀር አዘዙና የመኪና መንገድ መሪ ሁሉ በአንድ ሌሊት ዐይኑ በራለት።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ከምድር 20,200 ኪሎ ሜትር ያህል ርቀው የሚዞሩት ሳተላይቶች እያንዳንዳቸው እጅግ ትክክለኛ የሆነ ሰዓት ይዘዋል። እያንዳንዱም ሳያቋርጥ «አሁን ሰዓቱ ይህ ነው፤ እኔም ያለሁት በዚህ ቦታ ነው» እያለ ምልክት ያወርዳል። በመኪናው ውስጥ ያለው ተቀባይ ምልክቱ እስኪደርስ የፈጀውን ጊዜ አስልቶ ከሳተላይቱ ያለውን ርቀት ያውቃል፤ ከአራት ሳተላይቶች እንዲህ ሲቀበል ደግሞ በምድር ላይ ያለበትን ቦታ ያገኛል። ከአንድ ሴኮንድ አንድ ሚሊዮንኛ የምታህል የሰዓት ስሕተት እንኳ ቦታውን በ300 ሜትር ታሳስታለች። ይህን ያህል ጥንቃቄ የሚጠይቅ ሥራ በየቀኑ በነጻ ለዓለም ሁሉ መሰጠቱ ሊደነቅ የሚገባው ነገር ነው።

እዚህ ላይ ግን ብዙ ሰዎች የሚሳሳቱበት አንድ ነገር አለ። ሳተላይቱ ከላይ ሆኖ መንገዱን እያየ የሚመራቸው ይመስላቸዋል። ሳተላይቱ ግን መንገዱንም መኪናውንም አያይም፤ መኖራቸውንም አያውቅም። ከሰማይ የሚመጣው «ያለህበት ቦታ ይህ ነው» የሚለው ዕውቀት ብቻ ነው። «በዚህ ቦታ መንገድ አለ፤ ከሁለት መቶ ሜትር በኋላ ወደ ቀኝ ታጠፍ» የሚለው ትእዛዝ የሚወጣው በመኪናው ውስጥ ከተቀመጠው ካርታ ነው። ካርታው ደግሞ ሰዎች በአንድ ወቅት አጥንተው፥ ጽፈው፥ በዲስክ ወይም በካርድ ላይ ዘግተው ያስቀመጡት ነው። እንግዲህ መሣሪያው ሁለት ዓይነት ዕውቀት አለው። አንደኛው በየሴኮንዱ የሚታደስ የዛሬ ዕውቀት ነው። ሁለተኛው ምናልባት ዐሥር ዓመት የሞላው የትናንት ዕውቀት ነው። የመሣሪያው ትልቁ ጥፋት እነዚህን ሁለቱን ቀላቅሎ በአንድ ድምፅ፥ በአንድ ዓይነት ርግጠኝነት መናገሩ ነው። ቀጥሎ የምዘረዝራቸው ጥፋቶች ሁሉ ከዚህ ይወለዳሉ።

ከነቀፌታው በፊት ምስጋናውን ላስቀድም። ከፋብሪካ የተገጠመው መንገድ መሪ ከመኪናው ጎማ ጋራ የተያያዘ ስለ ሆነ፥ ዋሻ ውስጥ ገብቶ የሳተላይቱ ምልክት ሲቋረጥበት እንኳ ጎማው ስንት ጊዜ እንደ ዞረ ቈጥሮ ቦታውን በግምት ይከታተላል። የቴሌፎን ኔትወርክ በሌለበት በረሃም ካርታው አብሮት ስላለ ይሠራል። ስክሪኑ ሰፊ፥ ፊደሉ ጕልህ ስለ ሆነ ሾፌሩ ወረቀት ካርታ በጭኑ ላይ ዘርግቶ ከመንዳት አድኖታል። በማያውቀው ከተማ በሌሊት ለታመመ ልጁ ሐኪም ቤት የሚፈልግ አባት ይህን መሣሪያ ቢመርቀው አይፈረድበትም።

ምስጋናው ይህን ያህል ከሆነ ወደ ጥፋቱ እንለፍ።

የመጀመሪያው ጥፋት እርጅናውን አለማወቁ ነው። መንገድ ሕይወት እንዳለው ነገር ነው፤ ይወለዳል፥ ይሰፋል፥ ይዘጋል፥ ይሞታል። ካርታው ግን በተዘጋበት ቀን ቆሞ ቀርቷል። ለማደስ ገንዘብ ይከፈላል፤ ቀድሞ ሲዲ ወይም ዲቪዲ መግዛት፥ በኋላም ካርድ መለወጥ ወይም ከኢንተርኔት መጫን ነበረበት። በደንብ የተያዘ መኪና ሃያ ዓመት ሲያገለግል፥ ኩባንያው ግን ለዚያ ሞዴል አዲስ ካርታ ማውጣቱን ከዚያ በፊት ይተወዋል። ስለዚህ ሞተሩ ገና ጐልማሳ ሳለ ካርታው ይጃጃል።

አንድ ጊዜ የወንድሜ ልጅ በገዛው መኪና ወደ አዳማ እንሄድ ነበር። አንድ ሠራተኛ የኢትዮጵያን ካርታ ጭኖለት ነበር፤ ካርታው ግን የቆየ ነበር። በ2014 ለአገልግሎት በተከፈተው የአዲስ አበባ–አዳማ የፍጥነት መንገድ ላይ በሰፊው አስፋልት ስንገሠግሥ፥ በስክሪኑ ላይ ያለችው ምልክታችን በባዶ እርሻ መካከል ትሄድ ነበር። ድምፁ በእንግሊዝኛ፥ ፍጹም በሆነ ጨዋነት «እንደ ተቻለህ ወደ ኋላ ዙር» እያለ ደጋግሞ ያዝዛል። በዚያ መንገድ ላይ ወደ ኋላ መዞር ማለት ከፊት ለፊት ከሚመጣ የጭነት መኪና ጋራ መጋጨት ማለት ነው። የወንድሜ ልጅ እየሣቀ «ጋሼ፥ ይህች ሴትዮ ልታስገድለን ነው» አለኝ። እኔም «ዛሬ የሣቅነው ስሕተቷን በዐይናችን ስላየን ነው፤ በማናውቀው ቦታ በዚሁ ድምፅ ብታዝዘን ግን እንታዘዛት ነበር» አልሁት። የነገሩም ፍሬ ይህ ነው። መሣሪያው ሲሳሳት ድምፁ አይንቀጠቀጥም። እውነት ሲናገርና ውሸት ሲናገር አንድ ነው።

ይህ እርጅና በካርታው ብቻ አያበቃም። በ2022 በጃንዋሪ ወር የብዙ ሆንዳና አኩራ መኪኖች ሰዓት በድንገት ሃያ ዓመት ወደ ኋላ ተመልሶ 2002ን ያሳይ ጀመር፤ ባለቤቶቹም ለብዙ ወራት ከነስሕተቱ ለመንዳት ተገደዱ። በዚያው ዓመት የአሜሪካ ቴሌፎን ኩባንያዎች ሦስተኛው ትውልድ የተባለውን ኔትወርክ ሲዘጉ፥ በእርሱ አማካይነት መልእክት ይቀበሉ የነበሩ ብዙ መኪኖች ያን አገልግሎት ለዘለዓለም አጡ። መኪናው አልተሰበረም፤ ጎማው አልተበላም፤ የተገባለት ቃል ብቻ ጠፋ። አንድ ባለሙያ ለደንበኛው በር ሲሠራለት ማጠፊያው ከዐሥር ዓመት በኋላ እንደሚወልቅ ያውቅ እንደ ሆነ አስቀድሞ መናገር ይገባዋል። መኪና ሠሪዎችም መኪናውን ሲሸጡ «ይህ ካርታ እስከዚህ ዓመት ይታደሳል፤ ከዚያ በኋላ አትመኑት» ብለው በስክሪኑ ላይ በጕልህ ቢጽፉ ምን ይጐዳቸዋል? አብዛኞቹ ይህን አያደርጉም። ካርታው ምን ያህል እንዳረጀ ለማወቅ የሚፈልግ ሰው በብዙ መዝጊያዎች ውስጥ ቈፍሮ የተደበቀች አንዲት ቍጥር ማግኘት አለበት።

ሁለተኛው ጥፋት ሰውን በራሱ ቋንቋ እንዳይጠይቅ መከልከሉ ነው። በብዙ መኪኖች መድረሻን ለመጻፍ በመጀመሪያ አገሩን፥ ቀጥሎ ከተማውን፥ ከዚያ የጐዳናውን ስም፥ በመጨረሻም የቤቱን ቍጥር፥ እያንዳንዷን ፊደል አንድ በአንድ እየነኩ ወይም ቍልፍ እያዞሩ ማስገባት ግድ ነው። መኪናው መንቀሳቀስ ሲጀምር ደግሞ መጻፊያው የሚቈለፍበት አለ። ይህ ለጥንቃቄ ነው ይባላል፤ እውነትም ሾፌር እየነዳ መጻፍ የለበትም። ነገር ግን አጠገቡ የተቀመጠውና እጁ ባዶ የሆነው ሰው እንኳ እንዲረዳው አይፈቀድም። ረዳት እያለ ረዳት የሌለ ይመስል ሾፌሩ ከመንገድ ዳር መቆም አለበት።

ደግሞም ጐዳናና የቤት ቍጥር ብሎ የሚጠይቅ መሣሪያ ሁሉም ሰው እንዲህ ይኖራል ብሎ አስቧል። በአዲስ አበባ ሰው ቤቱን ሲያመለክት «ከመገናኛ ወደ ላይ ስትመጣ ማደያው ጋ ታጠፍ፤ ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ ወፍጮ ቤት አለ፤ ከወፍጮ ቤቱ ዝቅ ብሎ ሰማያዊው በር» ይላል። ይህ አነጋገር ድንቍርና አይደለም። ሰውን፥ ሥራንና ቦታን አያይዞ የሚያስታውስ ዕውቀት ነው። መሣሪያው ግን ከዚህ ሁሉ አንዲት ቃል አይገባውም። ከ2024 ጀምሮ በኮሪደር ልማት ምክንያት ፒያሳንና ሌሎችን ሰፈሮች የሚያቋርጡ መንገዶች ተለዋውጠዋል፤ ማደያውም ወፍጮ ቤቱም የተነሣበት ቦታ ብዙ ነው። ሰው ይህን በአንድ ሳምንት ይማራል፤ ጎረቤቱን ጠይቆ አዲስ ምልክት ይመርጣል። ተዘግቶ የተቀመጠው ካርታ ግን በፈረሰው ሰፈር መካከል ሲመራ ይኖራል።

በአገራችን ይህ ነገር ከዚህም የባሰ መልክ አለው። ብዙዎቹ መኪኖቻችን በጃፓን ወይም በዓረብ አገሮች ካገለገሉ በኋላ ወደ እኛ የመጡ ናቸው። ከጃፓን የመጣው ጽሑፉ በጃፓን ፊደል ነው፤ ካርታውም ቶኪዮን እንጂ አዲስ አበባን አያውቅም። ኢትዮጵያ በ2024 በነዳጅ የሚሠሩ የግል መኪኖች እንዳይገቡ ከከለከለች ወዲህ ከቻይና የሚመጡ ኤሌክትሪክ መኪኖች በዝተዋል፤ ከእነዚህም አንዳንዶቹ ሰፊ ስክሪናቸው ሁሉ በቻይና ፊደል የተሞላ ነው። ባለቤቱ የመንገድ መሪውን ዋጋ ከመኪናው ዋጋ ጋራ ከፍሏል፤ ያገኘው ግን የሚያምር መስተዋት ነው። ባለሙያ ፈልጎ፥ ገንዘብ ጨምሮ ያስለውጠዋል፤ ወይም ትቶት ቴሌፎኑን በላዩ ላይ ይለጥፋል። በእውነት ለመናገር የመሣሪያውን ዋጋ ቢስነት ከዚህ የተሻለ የሚመሰክር የለም፤ በውድ መስተዋት ፊት በላስቲክ የታሰረ ቴሌፎን።

ሦስተኛው ጥፋት ከሁሉ የከፋው ነው፤ ይኸውም ኀፍረት የሌለው መሆኑ ነው። ሰው ሲሳሳት ያፍራል። ኀፍረትም ክፉ ነገር አይደለም፤ የኅሊና በረኛ ነው። መንገድ የነገራችሁ ሰው ከተሳሳተ በኋላ ቢያገኛችሁ ዐይኑን ይሰብራል፥ ይቅርታ ይላል፥ ሁለተኛ ጊዜ ሲጠየቅ ይጠነቀቃል። መሣሪያው ግን ወደ ፈረሰ ድልድይ መርቶአችሁ ስትመለሱ «መንገዱን እንደገና በማስላት ላይ» ይላችኋል። ከዚያም በዚያው ድምፅ ወደዚያው ድልድይ በሌላ በኩል ይመልሳችኋል። እኔ በመምህርነት ስኖር እንዲህ ያለ መምህር አይቻለሁ። ከሃያ ዓመት በፊት የጻፈውን ማስታወሻ ይዞ ይገባል፤ አገር ሲለወጥ፥ የመንግሥታት ስምና ወሰን ሲለወጥ፥ እርሱ ያንኑ ያነብባል። ተማሪ ቢጠይቀው ይቈጣል። ዕውቀት ካልታደሰ ይሻግታል፤ የሻገተ ዕውቀት ደግሞ በርግጠኝነት ድምፅ ሲነገር ካለማወቅ ይልቅ አደገኛ ነው፤ የማያውቅ ሰው ቢያንስ ይጠይቃልና።

እስካሁን መሣሪያውን ከሰስሁ። ነገር ግን ፍርዱ ትክክል እንዲሆን የሚከተለውም ሰው መከሰስ አለበት። የሚከተሉት ታሪኮች ከፋብሪካ በተገጠመውም ሆነ በኋላ በተለጠፈው መሣሪያ ለመጡት አደጋዎች ሁሉ ምሳሌ ይሆናሉ፤ የሁለቱም ጠባይ አንድ ነውና።

በ2009 ሁለት የስዊድን ጐብኚዎች በኢጣልያ ካፕሪ ወደምትባለው ታዋቂ ደሴት ለመሄድ ፈልገው የመድረሻውን ስም ሲጽፉ ፊደል ተገላበጠባቸውና ካርፒ አሉ። ካርፒ በሰሜን ኢጣልያ፥ ከባሕር ርቃ በሜዳ ላይ ያለች ከተማ ናት። መሣሪያው የተጻፈለትን ታዘዘ። ሰዎቹም ከተማው ደርሰው የካፕሪን ሰማያዊ ዋሻ ወዴት እንደ ሆነ ጠየቁ። በዚህ ነገር ሰው ሁሉ ሣቀ፤ እኔ ግን የምጠይቀው ጥያቄ አለ። ወደ ደሴት የሚሄድ ሰው መርከብ ሳይሳፈር፥ ባሕር ሳያይ፥ ሳይጠራጠር እንዴት ደረሰ? መልሱ፥ መጠራጠር የሚባለውን ሥራ ለመሣሪያው አስረክቦት ስለ ነበረ ነው።

በ2012 ደግሞ ሦስት ጃፓናውያን ጐብኚዎች በአውስትራልያ በተከራዩት መኪና ወደ ሰሜን ስትራድብሮክ ደሴት ለመሄድ ተነሡ። መሣሪያው በየብሱና በደሴቱ መካከል ያለውን ውኃ አላሳያቸውም፤ ባሕሩም በዚያ ሰዓት ሸሽቶ ነበርና በጭቃው ላይ ነዱ። መኪናው ሰመጠ፤ ውኃው ሲመለስ ትተውት በእግራቸው ወጡ። ዐይናቸው ባሕር ያይ ነበር፤ ጆሯቸው ግን መንገድ ይሰማ ነበር። ከሁለቱ ጆሯቸውን አመኑ።

ሦስተኛው አያሥቅም። በ2009 በኦገስት ወር በካሊፎርንያ የሞት ሸለቆ በሚባለው በረሃ አንዲት እናት ከትንሽ ልጇ ጋራ ስትጓዝ መሣሪያው ሰው ወደማይሄድበት መንገድ መራት። መኪናዋ በአሸዋ ተያዘ። ከአምስት ቀን በኋላ የፓርኩ ጠባቂ ሲያገኛት እርሷ በሕይወት ነበረች፤ ልጇ ግን በውኃ ጥም ሞቶ ነበር። የፓርኩ ጠባቂዎች ከረጅም ጊዜ በፊት የተዘጉና የጠፉ መንገዶች ከካርታዎቹ እንዲሠረዙ ኩባንያዎቹን መለመን ግድ ሆነባቸው። እንግዲህ ያረጀ ካርታ የሚያስከፍለው የነዳጅና የጊዜ ኪሣራ ብቻ አይደለም። በመሥሪያ ቤት የተቀመጠ ሰው ሳይሠርዛት የቀረች አንዲት ቀጭን መስመር የልጅ ሕይወት ልታጠፋ ትችላለች። ለዚህች እናት ማንም አይፍረድባት፤ በበረሃ መካከል ከሌላ መሪ ጋራ አልተገናኘችም ነበርና። ሊፈረድበት የሚገባው የማያውቀውን መንገድ እንደሚያውቅ ሆኖ የተናገረው ነው።

ልማዱ በአእምሮ ላይ የሚያደርሰውም አለ። በለንደን የጥቍር ታክሲ ሾፌር ለመሆን የሚፈልግ ሰው ከ1865 ጀምሮ በቃል ይፈተናል። ከቻሪንግ ክሮስ ዙሪያ ዐሥር ኪሎ ሜትር ያህል ውስጥ ያሉትን 25,000 የሚሆኑ ጐዳናዎች ማወቅ አለበት፤ ለዚህም ሦስትና አራት ዓመት ያጠናል። በ2000 የለንደን ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ሊቃውንት የእነዚህን ሾፌሮች አንጐል በመሣሪያ መርምረው፥ ቦታን የሚያስታውሰው ሂፖካምፐስ የተባለው ክፍል በስተ ኋላው ከሌላው ሰው ሰፍቶ አገኙት። በ2017 ደግሞ የዚያው ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች 24 ሰዎች በስክሪን ላይ በለንደን የሶሆ ሰፈር ሲጓዙ አንጐላቸውን ተመለከቱ። ሰዎቹ ራሳቸው መንገድ ሲመርጡ በየመታጠፊያው ያ ክፍል ይነቃ ነበር፤ መሣሪያ ሲመራቸው ግን ዝም አለ። ጡንቻ ካልሠራ እንደሚሟሽሽ የታወቀ ነው፤ መንገድ የመፈለግ ችሎታም የማይጠቀምበትን ሰው ይሸሸዋል ብሎ መፍራት ተገቢ ነው።

በሚሲዮን ትምህርት ቤት ስማር የጂኦግራፊ መምህራችን የዓለምን ካርታ ከማሳየታቸው በፊት ከቤታችን እስከ ትምህርት ቤቱ ያለውን መንገድ በወረቀት ላይ እንድንሥል ያዝዙን ነበር። ወንዙን፥ ድልድዩን፥ ዋርካውን፥ ውሻ ያለበትን ግቢ ሁሉ እንሥላለን። ከዚያ በኋላ ካርታ ማለት እንግዳ ነገር አልሆነብንም፤ በእግራችን የሄድንበትን ምድር ከሰማይ ሆነን ማየት መሆኑ ገባን። ዛሬ ብዙ ወጣት ከተወለደበት ከተማ በመሣሪያ እየተመራ ይኖራል፤ መሣሪያው ቢጠፋበት ግን ከሰፈሩ ሦስት መንደር ርቆ መመለስ ያቅተዋል። ካርታውን ይዟል፤ ምድሩን ግን አያውቀውም።

ወጣት አንባቢዎቼ እዚህ ላይ «ይህ ሁሉ ያረጀ ነገር ነው፤ እኛ የምንጠቀመው በቴሌፎናችን ነው» እንደሚሉኝ ዐውቃለሁ። እውነት አላቸው፤ የቴሌፎኑ ካርታ ቶሎ ቶሎ ይታደሳል። መኪና ሠሪዎቹም ይህን ስላወቁ የቴሌፎኑን ገጽ በመኪናው ስክሪን ላይ የሚያሳይ መንገድ ተቀብለዋል፤ የአፕል ካርፕሌይ በ2014፥ አንድሮይድ አውቶም በ2015 መኪና ውስጥ መግባት ጀመሩ። ይህ ራሱ መኪና ሠሪዎቹ የራሳቸው መሪ እንደ ተሸነፈ መመስከራቸው ነበር። ሆኖም በ2023 ጀኔራል ሞተርስ ከአዳዲስ ኤሌክትሪክ መኪኖቹ ይህን አስወጥቶ በራሱ ሥርዓት ሊተካ መሆኑን አስታወቀ። ስለዚህ የክርክሩ ጕዳይ አላለቀም። ደግሞም የተሻለ ካርታ ማግኘት የሚከተለውን ሰው ጥፋት አያነጻም። መሪው በተሻለ ቍጥር ተከታዩ ይበልጥ ያንቀላፋል፤ ያንቀላፋውም በስተመጨረሻው ስሕተት ላይ ይነቃል።

እንግዲህ ምን እናድርግ? መሣሪያውን ሰብረን እንጣለው አልልም። እንደ አገልጋይ እንጂ እንደ ጌታ አትያዙት እላለሁ። ከመነሣታችሁ በፊት መንገዱን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በካርታው ላይ አንድ ጊዜ ተመልከቱት፤ ወደ ሰሜን ይሁን ወደ ደቡብ፥ ባሕር ይኑር ወንዝ፥ ስንት ሰዓት እንደሚፈጅ ዕወቁ። የመድረሻውን ስም ጽፋችሁ ስትጨርሱ ፊደሉን ደግማችሁ አንብቡት። ካርታው መቼ እንደ ተሠራ ፈልጋችሁ አግኙ፤ ካላገኛችሁ እንዳረጀ ቍጠሩት። ዐይናችሁና ድምፁ ሲጣሉ ለዐይናችሁ ፍረዱ። ስትሄዱ መርቶአችሁ እንደ ሆነ ስትመለሱ ዝም አሰኙትና ራሳችሁ ምሩ። ሲጠፋባችሁም መስኮቱን ዝቅ አድርጋችሁ የአካባቢውን ሰው ሰላም ብላችሁ ጠይቁ። ሊስትሮው፥ ባለሱቁ፥ የግቢው ጥበቃ የዛሬውን መንገድ ያውቃሉ፤ የማያውቁትንም «አላውቅም» ይሏችኋል። ከብዙ ገንዘብ ከተሠራው መሣሪያ ያጣችሁትን ይህን አንድ ቃል ከእነርሱ በነጻ ታገኙታላችሁ።

ይህ ምክር ለመኪና ብቻ አይደለም። በሕይወታችሁ በለሰለሰ ድምፅና በፍጹም ርግጠኝነት የሚመሩአችሁ ብዙዎች ይነሣሉ። ከእነርሱ እያንዳንዱን «ይህን የምትነግረኝ ዛሬ አይተህ ነው ወይስ ከዐሥር ዓመት በፊት ሰምተህ?» ብላችሁ ጠይቁት። የሚቈጣ ከሆነ ተዉት፤ «እስከዚህ ዐውቃለሁ፤ ከዚህ ወዲያ አላውቅም» የሚል ከሆነ ያዙት። ሾፌር በሁለት እጁ ጨብጦ የሚያዞረውን ክብ ነገር በቋንቋችን መሪ ብለን ጠርተነዋል። ስክሪኑ የፈለገውን ያህል ቢናገር መሪው ያለው በሾፌሩ እጅ ነው፤ አደጋ ሲደርስም የሚጠየቀው እርሱ ነው።